አርባ ሁለት ማሰሪያ

ሬዲዮው ከማለዳ ጀምሮ አንድ ነገር ይደጋግማል። ከባድ አውሎ ነፋስ ከባሕሩ እየመጣ ነው፣ አመሻሹ ላይ ከተማዋን ይመታል፣ ሰው በጊዜ ይዘጋጅ። በዚያ ሰፈር ደግሞ ተዘጋጁ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ድመቱ ጋ መደወል ነው።

ድመቱ ሰው ነው፣ ጣሪያ ሠሪ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ቆርቆሮ ላይ ሲራመድ ኮቴው ስለማይሰማ ነው። ሦስት ጊዜ ከጣሪያ ወድቆ ሦስቱንም ጊዜ በእግሩ ስለቆመ ነው የሚሉም አሉ፤ ይኼን የሚያወራው ግን እሱ ራሱ ስለሆነ ብዙም አንመነው። ሥራውን ግን እናምናለን። ድመቱ የሠራው ጣሪያ አያፈስም፣ አይንኳኳም፣ አይነሳም።

በዚያን ቀን ጠዋት አምስት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወርዷል። የላላውን ሚስማር ይመታል፣ የተነሳውን ቆርቆሮ በገመድ ይወጥራል፣ እጁ እየሠራ አፉ ደግሞ ከታች ያለውን ሰው ያሯሩጣል። «ግቢ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስገቡ! ወንበሩን፣ ባልዲውን፣ ያንን አሮጌ በር! ነፋስ ካነሳው ባልዲም ሰው ይገድላል! ውሃ ቅዱ! ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ! ወረቀታችሁን በፌስታል ጠቅልሉ! መስኮት አጠገብ እንዳትቀመጡ!» ሰውም እሺ እያለ ይሮጣል። ድመቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲናገር የማይሰማው የለም።

ነፋስ ጣሪያን ከላይ የሚጫነው የሚመስለው ብዙ ነው። አይጫነውም፤ ከሥር ገብቶ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለው ቆርቆሮው ላይ አይደለም። ቆርቆሮውን የተሸከሙትን ወራጅ እንጨቶች ከግድግዳው ጋር ጨምድዶ የሚይዝ ማሰሪያ ብረት አለ፤ ርዝመቱ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፣ ጫፍና ጫፉ የተበሳ፣ መሃሉ ላይ የታጠፈ ላሜራ ነው። ድመቱ ይኼን ብረት ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይበሳል፣ ራሱ ያጥፋል። «ያለ ማሰሪያ ጣሪያ ባርኔጣ ማለት ነው» ይላል፣ ሲጠየቅም ሳይጠየቅም።

ታዲያ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከሐሳቡ ያልወጣ ነገር ነበር። በዚያ ሰፈር ባርኔጣ የደፋ ቤት አንድ ብቻ ነው። እሱም የእናቱ ቤት ነው።

የእናቱ ቤት አርባ ሁለት ማሰሪያ ይፈልጋል። የዛሬ አራት ዓመት አርባ ሁለቱንም ሠርቶ በጆንያ ይዞ ሄዶ ነበር። ወራጆቹን ሰቀለ፣ ለጊዜው በሁለት በሁለት ሚስማር አስያዛቸው፣ ማሰሪያውን ሊጀምር ሲል ስልክ ተደወለ። የሆነ ደንበኛ ቤቱ ሳይከደን ዝናብ ደርሶበት ይጮኻል። «እማዬ፣ የሰው ሥራ ሊበላሽብኝ ነው» አላት። «ቆርቆሮውን ላልብስልሽና ይኼን ጊዜ ሳገኝ እመለስበታለሁ።» ደንበኛ ያኮርፋል፣ እናት አታኮርፍም። በሳምንቱ አናጢው መጥቶ ኮርኒሱን መታው፣ ነገሩም ከዓይን ተሰወረ። ጆንያው አልጋ ሥር ገባ።

በአራት ዓመት ውስጥ ጊዜ አጥቶ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። መጀመሪያ ረሳው። ሲያስታውሰው ደግሞ አፈረ፤ አሁን ኮርኒሱን ልቅደድ ቢላት ለምን ትለዋለች፣ ምን ብሎ ይመልሳል? ዛሬ ነገ ሲል ቆየ። እንዲህ ያለውን ሰው መስደብ ቀላል ነው፣ ግን እስቲ እያንዳንዳችን አልጋችን ሥር ጎንበስ ብለን እንይ።

ጠዋት ደውሎላት ነበር። «እማዬ፣ ከሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ። ዛሬ እኔ ጋ ታድሪያለሽ።»

«አንተ ጋ? አራተኛ ፎቅ? ጉልበቴን ልትጨርሰው ነው?»

«አንድ ቀን እኮ ነው።»

«የትም አልሄድም። እኔ ልጄ በሠራልኝ ጣሪያ ሥር ነው ያለሁት። ይልቅ አንተ ሰው እርዳ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እሱም ገና ሰዓት አለኝ አለና ወደሚቀጥለው ጣሪያ ወጣ። ስድስተኛው መሆኑ ነው፣ የመድኃኒት ቤቱ።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ከታች የተከፈተው ሬዲዮ ድምፁን የለወጠው። ነፋሱ ፍጥነት ጨምሯል፣ አመሻሽ የተባለው ቀርቶ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይደርሳል፣ ከአሁን በኋላ ማንም ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ። ድመቱ በጥርሱ የያዘውን ሚስማር ሊውጠው ምንም አልቀረው። ሰማዩን አየ። በባሕሩ በኩል የበሰበሰ ሙዝ መስሏል። ጥጉን ሳይጨርስ ወረደ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከኋላው ሲጣራ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

መንገድ ላይ ንግግሩን አዘጋጀ። ይገባል፣ እናቱን ብድግ ያደርጋል፣ ሞተሩ ላይ ያስቀምጣታል፣ ይሄዳል። ምክንያቱን ሌላ ቀን ይነግራታል። ምናልባት አይነግራትም።

በሩን ሲከፍት እግሩ ደጃፉ ላይ ደረቀ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ የስድስት ሳምንት ልጇን የእናቱ አልጋ ላይ አስተኝታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ጡረታ የወጣው ሾፌር ብርድ ልብሱን ታቅፎ ግድግዳ ተደግፏል። ከነልጆቻቸው የመጡ ጎረቤቶች ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፈዋል። እናቱ መሃላቸው ቆማ ውሃ ትቀዳለች። ቆጠራቸው፤ እናቱን ጨምሮ አሥራ ስድስት ነፍስ።

«መጣ!» አለች እናቱ፣ ፊቷ በርቶ። «በል ግባ፣ ነፋስ አታስገባ። ሁሉም የት እንሂድ ሲሉ እኔ ጋ ኑ አልኳቸው። የድመቱ እናት ቤት እያለ ሰው ይጨነቃል?»

«ከኔ ቤት በላይ ያ ትልቅ ዛፍ አለ» አለ ሾፌሩ። «ቢወድቅብኝ ማን ያወጣኛል? እዚህ ይሻላል ብዬ መጣሁ።»

አንዲት እናት ሞተር ላይ ጭኖ ማምለጥ ይቻላል። አሥራ ስድስት ሰው አይጫንም።

«ሁላችሁም ተነሱ» አለ። «ዳቦ ቤቱ ነው የምንሄደው። ሶሌታ ነው፣ ጣሪያው ኮንክሪት ነው። ጋጋሪው ይከፍትልናል።»

«በዚህ ነፋስ? ከሕፃን ጋር?» አለች ሰፊዋ።

«ድመቱ ዛሬ ደግሞ ስለ ጣሪያው ትሕትና ጀምሯል» አለ ሾፌሩ፣ ሰዎቹም ሳቁ።

«ትእዛዝ ነው። ከቤት ወጥታችሁ ሶሌታ ቤት ግቡ ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ሬዲዮ።»

«ሬዲዮው ይኸው እዚህ ተከፍቶ ነው የዋለው» አለች እናቱ። «እንደዚያ አላለም። ቁጭ በል።»

ውጭ የሆነ ነገር አጥሩን መታው። ድመቱ ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ምንም የማያውቅ ኮርኒስ። አንዱን ማሰሪያ መምታት ለሱ እጅ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አርባ ሁለት ጊዜ አሥር ደቂቃ ሰባት ሰዓት ነው፤ እሱ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። እውነቱን ከተናገረ ስሙ ያልቃል። ከነገ ጀምሮ በዚያ ሰፈር ማን ይጠራዋል? ካልተናገረ ደግሞ... ዓይኑ አልጋው ላይ ወዳለው ጥቅል ሄደ። ሕፃኑ እጁን ከመጠቅለያው አውጥቶ አየሩን ይይዛል።

«እማዬ፣ ይኼ ጣሪያ አልታሰረም» አለ።

«ምን?»

«ማሰሪያ የለውም። ሳልመታው ነው የተውኩት። ነፋሱ ሲመጣ ይሄዳል።»

ከዚያ እናቱ እጇን እያርገፈገፈች ሳቀች። «ወይ አንተ ልጅ! እኔን ከቤቴ ለማስወጣት የማትፈጥረው ነገር የለም። ባለፈው ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ገበያ እንሂድ ብለህ አይደል የሸወድከኝ? ዘንቢል አንጠልጥዬ መርፌ ተወጋሁ!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ድመቱ ፊቱ ጠቆረ። ለካ የሰው ውሸቱ ብቻ ሳይሆን እውነቱም የማይታመንበት ቀን ይመጣል። ሕፃኑን እንዳይነካ ተጠንቅቆ አልጋው ሥር ገባና ጆንያውን ጎትቶ አወጣ።

«ይኼ ምንድን ነው እማዬ?»

«ዕቃህ ነዋ። አስቀምጪልኝ አላልክም? አራት ዓመት ሙሉ አቧራ ስጠርግለት ነው የኖርኩት።»

የጆንያውን አፍ ፈታና ወለሉ ላይ ደፋው። ብረቶቹ እየተንጫጩ ተበተኑ፤ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። «እነዚህ መሆን የነበረባቸው እዚያ ላይ ነው» አለ። ወንበር ላይ ወጥቶ በመዶሻው ኮርኒሱን አንዴ፣ ሁለቴ መታው። ጥጉ ተሰብሮ ወደቀ፣ አቧራው ሰው ፊት ላይ ፈሰሰ።

ሁሉም አንጋጠጡ። ወራጁ ግድግዳው ላይ ተቀምጧል፣ በሁለት የዛጉ ሚስማሮች። ማንም ስለ ጣሪያ ሥራ የሚያውቅ አልነበረም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። ነፋሱ ሲገፋ እንጨቱ ከግድግዳው ላይ ብድግ አለ። ቀጭን የብርሃን ክር ታየ። ከዚያ እንጨቱ ተመልሶ ቁጭ አለ፣ ክሩም ጠፋ።

የሚስቅ አልነበረም። ሰፊዋ ልጇን ከአልጋው ላይ መነጨቀችው።

«የኔስ?» አለ ሾፌሩ፣ ድምፁ ተለውጦ። «የኔንም ቤት እንዲህ ነው የሠራኸው? የልጄንስ?»

«የእርስዎ ታስሯል ጋሼ። የልጅዎም። የሁላችሁም ታስሯል፣ አንድ በአንድ፣ በገዛ እጄ። ያልታሰረው የእናቴ ብቻ ነው።»

ይኼን ሲል እናቱን ላለማየት ሞክሮ ነበር፣ አልቻለም። ፊቷ ላይ የነበረው መብራት ሲጠፋ አየው። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይችለው ነበር። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገች።

«ልጆቹ መሃል ይሁኑ» አለች ለሰዎቹ። «ፍራሹን ተዉት። ውሃውን፣ ሬዲዮውንና ባትሪውን ያዙ። እኔ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋለሁ።»

ድመቱ ጋጋሪው ጋ ደውሎ በሩን አስከፈተ፣ ከሞተሩ ላይ የሥራ ገመዱን ፈትቶ አመጣ። ሁሉም ገመዱን ጨበጡ። ዳቦ ቤቱ በሌላ ቀን ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ያን ቀን ግን መንገዱ አልገፋ አለ። ነፋሱ ሰውን በደረቱ ይገፋል፣ አፍ ውስጥ አሸዋ ይሞላል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎ በጭንቅላታቸው ላይ አለፈ። «ጎንበስ!» ሁሉም ጎንበስ አሉ። ትንሽ እንደሄዱ መንገዱ ላይ የወደቀ የመብራት ሽቦ አየ። «ሽቦ አለ! ኩሬውን እንዳትረግጡ! በግራ! በግራ በኩል ዙሩ!» ዞሩ። የእናቱ አንድ እግር ጫማ ወልቆ በረረ፤ ሊሸከማት ቢጠጋ ክንዱን ገፍታ በባዶ እግሯ ሄደች።

ጋጋሪው በሩን በትከሻው ደግፎ አስገባቸው። ወደ ዱቄት መጋዘኑ ወሰዳቸው፤ መስኮት የሌለው፣ አራቱም ጎኑ ብሎኬት የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። ድመቱ ደጋግሞ ቆጠረ። አሥራ ስድስት፣ እሱ አሥራ ሰባት፣ ጋጋሪውና ሚስቱ። በሩ ላይ የዱቄት ጆንያ ደረደሩበት።

ከዚያ መጣ። ድምፁ የነፋስ አይመስልም፤ ከባድ መኪና ግድግዳ ሥር ቆሞ ነዳጅ እየተረገጠ የሚያጓራ ይመስላል። ሕፃናቱ እንኳን ለቅሶ ተዉ። እናቱ ከሱ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ከሰፊዋ ጎን ተቀምጣለች። ድመቱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የሰፈሩን ቆርቆሮ በድምፁ ይለየዋል፣ አብዛኛውን የመታው እሱ ነው። ይንኳኳል፣ ይጮኻል፣ ግን ይዟል። ይዟል። ይዟል።

በድንገት ረጅም የእንጨት ጩኸት ተሰማ፣ ብዙ ሚስማር በአንድ ጊዜ ሲነቀል። ቀጥሎ ምንም። ከዚያ ከሩቅ አንድ ትልቅ ነገር መሬት ሲመታ።

እናቱ ሳትዞር ጠየቀች። «የኛ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

አንገቷን ነቀነቀች።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነፋሱ ቀጥ አለ። እንዲያው እንደ ተዘጋ ቧንቧ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፣ አንዱ እፎይ አለ። ሾፌሩ ብድግ ብሎ የበሩን ጆንያ መጎተት ጀመረ። «አለቀ። ቤቴን ልየው።»

ድመቱ በሩ ላይ ቆመ። «አላለቀም ጋሼ። ይኼ መሃሉ ነው። ሌላኛው ግማሹ ከዚያኛው አቅጣጫ ይመጣል፣ እሱ ይብሳል። ሬዲዮው አበቃ ሳይል ማንም አይወጣም።»

«አንተ ደግሞ ማነህና ነው የምታዘኝ?» አለ ሾፌሩ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ። «የእናቱን ጣሪያ ያላሰረ ሰው ሊመክረኝ? ዞር በል!»

ድመቱ ዞር አላለም። ስለ ጣሪያው ግን ትክክል ነው ሰውዬው። ሾፌሩ ትከሻውን ይዞ ገፋው። ድመቱ በሩን በጀርባው ተደግፎ ቀረ።

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ» አለች እናቱ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። «ይኼ ልጅ እናቱና ጎረቤቱ ፊት ራሱን አዋርዶ ነው ያወጣዎት። ስሙን በገዛ አፉ የጣለ ሰው አሁን ምን ሊያገኝ ይዋሽዎታል?»

ሾፌሩ ቆመ። እጁን ከድመቱ ትከሻ ላይ አነሳ፤ እያጉረመረመም ቢሆን ተመልሶ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃም አልሞላም፣ ነፋሱ በሌላው ጎን መጥቶ በሩን እንደ ርግጫ መታው። ጆንያዎቹ ተንሸራተቱ። ድመቱና ሾፌሩ ጎን ለጎን በጀርባቸው ገፍተው ያዙት፣ ሬዲዮው አበቃ እስኪል ድረስም አብረው ያዙት።

የወጡት ጎህ ሲቀድ ነው። የእናቱ ቤት አራት ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ጣሪያው እንዳለ ተነስቶ ማዶ ሜዳው ላይ ተገልብጧል፣ እንደ ባርኔጣ። አንድ ወራጅ ብቻ ከመሃል ተሰብሮ ወደ ውስጥ ወድቋል፤ የወደቀው አልጋው ላይ ነው፣ አልጋውን ለሁለት ሰብሮ፣ ልክ ሕፃኑ የተኛበት ቦታ ላይ። ሰፊዋ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው። ልጇን አጥብቃ ያዘች፣ ወደ ውስጥ ግን አልገባችም።

እናቱ ገባች። ከኮርኒሱ ስብርባሪና ከውሃው መሃል ተንበርክካ ብረቶቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ጆንያው ውስጥ ትከታለች።

«እማዬ፣ ተይው፣ እኔ እለቅመዋለሁ።»

«የከፋኝ ጣሪያው እንዳይመስልህ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ጣሪያ ይሠራል። ለሰፈሩ ሁሉ አስረህ ለኔ ጊዜ ማጣትህ ነው። እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ፣ ልጄ የሠራልኝ ነው እያልኩ...» አልጨረሰችውም።

ድመቱ ውሃው ውስጥ አጠገቧ ቁጭ አለና አለቀሰ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሰውም እያየው ነበር፣ አልገደደውም።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው። ያ ያልተጨረሰው ጥግ ተገንጥሏል፣ ዕቃው እየረጠበ ነው፣ አሁኑኑ ይምጣ። ድመቱ በክንዱ ፊቱን ጠረገ።

«አሁን አልችልም» አለ። «ለጊዜው ሸራ ይወጥሩበት። እኔ ጊዜ ሳገኝ እመጣለሁ።»

እናቱ ይኼን ስትሰማ እጇ ቆመ። የመጨረሻውን ብረት ከውሃው ውስጥ አውጥታ፣ ጠርጋ፣ ጆንያው ውስጥ ሳትከተው ዘረጋችለት።

«አርባ ሁለት ነው» አለች። «ሁሉም አለ።»